መብራት ሲጠፋ የሚሳሉ በሮች

ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነበር። ባሌ ደግሞ አርባ ሦስትን ደፍኗል። ዕድሜያችንን የማስቀድመው ወድጄ አይደለም፤ ይህን ታሪክ ባወራሁ ቁጥር ገና ከመጀመሬ «ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው?» ብለው ስለሚያቋርጡኝ ነው። ጌም ሲባል ለሰው የሚታየው ልጅ ነው። እኔ ቤት ጌም የያዘው ሰውዬ ግን ጢሙ ሸበት ብሏል፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ አባት ነው፣ የዕድሩ ሊቀመንበር ሁን ተብሎ ተለምኗል።

ሰበታ ላይ ከዋናው አስፋልት ገባ ብላ የምትገኝ የብየዳ ቤት አለችን። መስኮት እንሠራለን፣ የደረጃ መደገፊያ እንሠራለን፤ ዋናው ሥራችን ግን የግቢ በር ነው። እሱ ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ይበይዳል። እኔ ደንበኛ እቀበላለሁ፣ ዕቃ እገዛለሁ፣ ሲለካ የሜትሩን ሌላ ጫፍ እይዛለሁ። በእኛ አካባቢ ሰው ቦታ ካገኘ ከቤቱ በፊት የሚያስበው ስለ በሩ ነው። ፉሪ ዳገቱ ላይ ብትወጡ ግድግዳው ያልተለሰነ፣ መስኮቱ ላይ ማዳበሪያ የተወጠረበት ቤት ታያላችሁ፤ በሩ ግን የሚኒስትር ግቢ ይመስላል። እኛም እንጀራችን ከዚያ ነው።

ባሌ ስም ያወጣው በብየዳው አይደለም። ደህና የሚበይድ ሞልቷል። እሱ የታወቀው በሥዕሉ ነው። ሌላው በያጅ ከስልኩ ላይ አንድ አበባ ያወርድና ያችኑ አበባ ለሁሉም ይለጥፋል፤ መንደሩ በሙሉ አንድ አበባ። የኔው ሰውዬ ግን መጀመሪያ የባለቤቱን ነገር ነበር የሚያየው። ፉሪ ላይ ከወላይታ መጥቶ ግንባታ ላይ የሚሠራ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ቸርች የሚሰብክ ሰው ነበር። ለእሱ የእንሰት ቅጠል ሠራለት፤ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ የሚዘረጋ፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው የሚመስል። በሩ የተተከለ ዕለት ሰውየው እጁን ቅጠሉ ላይ አድርጎ ቆሞ ቀረ። ቡራዩ ላይ ደግሞ እህል የሚነግዱ የሙስሊም ቤተሰብ ነበሩ። ለእነሱ የማሽላ ራስ ሠራ።

«የሀገራችን ማሽላ እንዲህ እንደሚጎነበስ ማን ነገረህ?» አሉት እናትየዋ።

«ሱቃችሁ በር ላይ ከጆንያው ወጥቶ አይቼው ነው እትዬ» አለ።

ይህ ሥዕል መቼ እንደሚሳል ላስረዳ፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ነበር የሚሳለው። የብየዳ ቤት ያለ መብራት ባዶ መጋዘን ማለት ነው። መብራት ሲሄድ ሌላው በያጅ ይሳደባል፣ ቢራ ቤት ይሄዳል። ባሌ ግን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ መሬት ላይ የተዘረጋው ላሜራ አጠገብ በርጩማ ስቦ ቁጭ ይላል። ምንም አይሠራም። መንገዱን ያያል። ጭነት ጭና የምታልፍ አህያ ያያል። ጆሮውን በጠመኔ ያካል። ከዚያ ሳታስቡት ጎንበስ ይልና ላሜራው ላይ አንድ መስመር ያሰምራል። አይቶ ያጠፋዋል። እንደገና ቁጭ። ደንበኛ መጥቶ «ምነው ሥራ ፈታችሁ?» ሲለኝ «እየሠራ ነው» እለው ነበር፤ ሰውየውም የማሾፍ ይመስለውና ይስቃል።

ከዚያ አዲስ ስልክ ገዛ። አሮጌው የጋለ ብረት የምናበርድበት ባልዲ ውስጥ ወድቆ ስለሞተ ነው። ልጃችን ስልኩን ከእጁ ተቀብላ አንድ ጌም ጫነችለት።

«አባዬ፣ መብራት ሲጠፋ እንዳይደብርህ» አለችው።

እንዳይደብረው! ልጄን እወዳታለሁ፤ ግን ያን ቀን አፏን ብይዘው ኖሮ ስንት ነገር በቀረ።

ጌሙ ይህ ነው፦ መኪና ማቆሚያ ውስጥ መኪኖች ተጠቅጥቀዋል። አንዲት ቀይ መኪና መሃላቸው ተቀርቅራለች። ሌሎቹን ወዲያና ወዲህ እየገፋህ መንገድ ትከፍትላትና ቀይዋን ታስወጣለህ። ወጣች። ደስ ይበልህ። ከዚያስ? ከዚያማ ሌላ ቀይ መኪና ተቀርቅራ ትመጣለች።

«ታዲያ መቼ ነው የሚያልቀው?» አልኩት በመጀመሪያው ሳምንት።

«አያልቅም። እየከበደ ነው የሚሄደው።»

«እንዴት ያለ ሥራ ነው የማያልቅ? አንተ ደግሞ የሚያልቅ ሥራ ተቀምጦልሃል።»

«አንቺ ደግሞ! መብራት የለም እኮ።»

መብራት የለም። ይኸው ነው። ያ መንገድ የሚያይበት፣ ጆሮውን የሚያክበት፣ መስመር የሚያሰምርበት ጊዜ በሙሉ ለቀይዋ መኪና ተሰጠ። በርጩማው እዚያው ነው፣ ላሜራው እዚያው ነው፣ ሰውየውም እዚያው ቁጭ ብሏል። አንገቱ ብቻ ነው የተሰበረው።

ጠባዩም ከመኪናዋ ጋር ተሳሰረ። በቀላሉ ከወጣችለት ባሌ ሠርገኛ ነው፤ ያፏጫል፣ በልጁ ላይ ያሾፋል፣ «ለፋሲካ የት ልውሰድሽ?» ይለኛል። ካልወጣችለት ግን ቤታችን ለቅሶ ቤት ነው።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

«ደንበኛ ተናገረህ?»

«ምንም አልኩሽ እኮ!»

ምንም ያልሆነው ሰውዬ መዶሻውን ይወረውረዋል፣ ወጡን ጨው በዛው ይላል። እኔ አንድ ነገር ደርሶበት ይሆን ብዬ ስብሰለሰል ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ትልና «እማዬ፣ አረንጓዴዋ መኪና መንገድ ዘግታበት ነው» ትለኛለች። እስቲ ይታያችሁ! አንዲት አረንጓዴ መኪና፣ ሰሌዳ የሌላት፣ ሾፌር የሌላት፣ እኔ ቤት ገብታ ምሳዬን አስጠላችብኝ!

አንድ ቀን የብየዳ ዘንግ ልገዛ ስወጣ «ምድጃው ላይ ሽሮ አለ፣ እያት» ብዬው ሄድኩ። ስመለስ ጭሱ ከበሩ እየወጣ ነው፤ ጎረቤት ተሰብስቧል። እሱ ከድስቱ ሦስት ክንድ ርቆ ተቀምጧል። አልሸተተውም።

«አንተ ሰውዬ!»

«ቆይ አንዴ፣ ልጨርሳት።»

ልጄ ሳቋን ማፈን አልቻለችም። «አየሽ እማዬ? ትኩረት ማለት ይሄ ነው። ጌም ትኩረትን ያዳብራል ብለውናል ትምህርት ቤት። ፈጠራንም ይጨምራል ብለዋል።»

«የማንን ፈጠራ? ድስቱን ነው የፈጠረው?»

በልቤ ግን ልጅቷ ውሸቷን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ትኩረትስ አለው፤ ከዚህ በላይ ትኩረት ከየት ይመጣል? እኔ ራሴ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ቀሪውን እጄ የገባውን እያነበብኩ የተማርኩ ሴት ነኝ፤ መጽሐፍ ከያዝኩ ሰው ሲጠራኝ አልሰማም። መመሰጥ ምን እንደሆነ አላጣሁትም። እኔ ግን ከመጽሐፍ ስነሳ የማወራው ነገር ይዤ ነው የምነሳው፤ ጎረቤቶቼ ይመስክሩ፣ ሰልችቷቸዋል። እሱ ከዚያ ጌም ሲነሳ ምን ይዞ ይነሳል? የደነዘዘ አውራ ጣት።

በዚህ መሃል ነው የአጎቴ በር የመጣው።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ናቸው። እናቴ ስትሞት ሱሉልታ ወስደው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ላም አላቸው፣ ድርቆሽ ይሸጣሉ፤ ሱሉልታ ሜዳው ሁሉ ሣር ነውና። ጎረቤቱ ከስማቸው ፊት «ኦቦ» እያለ ይጠራቸዋል፤ እኔ «ጋሼ» ነው የምላቸው። ሦስት ሴት ልጆች ድረዋል። ያኔ ግቢው በር አልነበረውም፤ አጣና ነበር የሚጋረደው፣ መኪናም አይገባም። ሦስቱም ሙሽሮች ነጭ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ ጭቃ ረግጠው፣ መንገድ ላይ የቆመው መኪና ድረስ በእግራቸው ነው የሄዱት። የሦስተኛዋ ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ እሷ በባዶ እግሯ መኪና ገብታለች። አጎቴ ይህን ሲያወሩ አይስቁም።

አሁን የመጨረሻዋ ልጅ ልትዳር ነው፤ ከፋሲካ በኋላ። አጎቴ ግቢያቸውን በድንጋይ አጥረው ጨርሰዋል። ደወሉልኝ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይቺኛዋ ከግቢዬ መኪና ውስጥ ሆና ነው የምትወጣው። በሩን ባልሽ ይሥራልኝ። እዚህ ያለው በያጅ ሁሉ ለምኖኛል፤ እኔ ግን የሰበታው አማቼ ነው የሚሠራው፣ እሱ ለሰው ሁሉ የየራሱን ነው የሚሠራው ብዬ ለአገሩ አውርቻለሁ።»

ለመለካት ሄድን። ከሰበታ ሱሉልታ ታክሲ እየቀያየሩ ከተማውን አቋርጦ፣ እንጦጦን ወጥቶ መውረድ ነው። ባሌ መንገዱን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ነው የሄደው። ሜዳው ብቅ ሲል፣ ሣሩ፣ ከብቱ፣ ሰማዩ ሲመጣ በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። «እያየሁ ነው» አለ። የሚያየው ግን ስልኩን ነው።

በደህናው ጊዜ ባሌ አንድ ግቢ ሲደርስ ሜትሩን ከማውጣቱ በፊት ቁጢጥ ብሎ መሬቱን ያያል። «በር የሚለካው ከመሬት ነው» ይላል። እኛ ያለንበት አገር ዳገትና ቁልቁለት ነውና መሬቱ ወደ ውስጥ ሽቅብ ከሄደ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር አፈር ይበላል። የዚያን ዕለት ግን ቁጢጥ አላለም። ወርዱን ለካ፣ ቁመቱን ለካ፣ ጫፉን ያዝኩለት፣ ጻፈ፣ ስልኩ ጢው ሲል አወጣው፣ ከተተው፣ ደግሞ አወጣው።

አጎቴ ይህን ሁሉ ዱላቸውን ተደግፈው ያያሉ።

«ልጄ፣ የታመመብህ ሰው አለ እንዴ?» አሉት።

«ኧረ የለም አባባ፣ ምነው?»

«ስልክህን እንደ አስታማሚ ነዋ የምታየው።»

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ሳቀ። ሳቁን ቶሎ ጨርሶ ስልኩን አየ።

በሩን ሰበታ ሠራው። ባለ ሁለት ክንፍ ነው፣ በአንደኛው ክንፍ ላይ ከፍ ያለች የእግረኛ በር አለችው። ሥዕሉን ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ አንድ ጠዋት ብመጣ አበባ ተለጥፎበታል። ያች አበባ! ከስልክ የወረደችው፣ የመንደሩ ሁሉ አበባ።

«ይሄ ምንድነው?»

«አበባ ነዋ።»

«የጋሼ በር ላይ?»

«ምን ይሁን ታዲያ? አልመጣልኝም።»

«ቁጭ አላልክማ! ቁጭ ካላልክ ከየት ይመጣልሃል?»

«ቁጭ ብዬ አይደል የምውለው?»

ምን ይባላል እንዲህ ላለ ሰው? ከላሜራው ጋር ባወራ ይሻለኛል ብዬ ወጣሁ።

ሠርጉ እሑድ ነው፤ በሩን ሐሙስ ጭነን ሄድን። ጋቢና ውስጥ እኔ መሃል፣ እሱ በመስኮቱ በኩል፣ ቀይዋ መኪና በእጁ። እንጦጦ ጫፍ ላይ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። «ተመስገን» አልኩ ጮክ ብዬ። ሾፌሩ የዳገቱ ማለቅ መስሎት «አዎ፣ ከዚህ በኋላ ቁልቁለት ነው» አለኝ።

የጎረቤት ወንዶች ተሰብስበው በሩን አነሱት። ምሰሶዎቹ ቀድመው ተተክለዋል። ማጠፊያው ልክ ገባ፣ ክንፎቹ ልክ ገጠሙ፣ ሰው አጨበጨበ። አጎቴ ቀረብ ብለው የቀኙን ክንፍ ወደ ውስጥ ገፉት።

አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ያህል ከተከፈተ በኋላ ቀጥ ብሎ ቆመ።

እንደገና ገፉት። የብረቱ ታችኛ ጠርዝ አፈሩን ቧጥጦ ድንጋይ ላይ ሲጋጭ ሁላችንም ሰማነው። የግራውም ያው። መሬቱ ከበሩ ጀምሮ ወደ ቤቱ ሽቅብ ነው የሚሄደው። ዓይን ላለው ሰው ከመንገድ ይታያል።

ሙሽሪት ጸጉሯ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኖ ከቤት ወጣች፤ በሩን አየች፣ አባቷን አየች፣ ተመልሳ ገባች። ከሠርጉ ሁሉ የማልረሳው ያን አመላለሷን ነው።

ከዚያ ሁሉም መሐንዲስ ሆነ።

«መሬቱን እንቆፍረው!» አለ አንዱ። ቆፈሩ። ከአንድ ስንዝር በታች ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ዶማው እሳት ተፋ።

«ወደ ውጭ ይከፈት!» አለ ሌላው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ክንፎቹ ሲከፈቱ መንገዱን ይዘጉታል፣ መኪናውም ታጥፎ መግባት አይችልም።

«በሩን ከታች ቆርጠን እናሳጥረዋ!»

«ጅቡንስ?» አሉ አጎቴ። «ጅቡንም ቆርጠን እናሳጥረው? በረቱ እኮ እዚህ ነው ያለው።»

አንድ ጎረቤት ነገሩን ሊያለዝብ ፈልጎ «የሙሽራውን ወገን አናስገባም ብለን በር የምንይዝባቸው ለወጉ ነበር፤ ዘንድሮ ከምር ሊሆን ነው!» ብሎ ቀለደ። ሰው ፈገግ አለ። አጎቴ ግን ዱላቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ማል ጎና?» አሉ ለራሳቸው፤ ምን እናድርግ? ያንን ድምፅ እናቴ የሞተች ዕለት ነው የሰማሁት።

ባሌን ፈለግኩት። በሩ ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሏል። እጁ ሁለት ጊዜ ወደ ኪሱ ሄደ፤ ስልኩ ሞቷል፣ ተመለሰ። ሄጄ ብዙ ነገር ልለው ነበር። መንገዱን ሁሉ ያጠራቀምኩት ነበረኝ። ግን ጆሮውን ሲያክ አየሁት። ከስንት ወር በኋላ። ቆምኩ።

ቆየ። ላሞቹ ከግጦሽ ሲመለሱ፣ አንዷ በተከፈተችው ቀዳዳ አንገቷን አስገብታ ገላዋ እምቢ ሲላት፣ ወደ ኋላ ብላ በአጥሩ ጎን ስትሄድ አያት። ከዚያ ብድግ ብሎ ጠመኔ አወጣና በድንጋዩ አጥር ሥር፣ ከበሩ ምሰሶ ጀምሮ በጎን በኩል ረጅም መስመር አሰመረ።

«አባባ፣ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አይሄድም» አለ። «ወደ ጎን ነው የሚሄደው። ሁለቱን ክንፍ አንድ አድርጌ እበይደዋለሁ፣ ከታች እንደ ጎማ የሚሽከረከር ኩሽኔታ አስርለታለሁ፣ በአጥሩ ሥር ሐዲድ እዘረጋለሁ። በአጥሩ ሥር መሬቱ ልክ ነው፤ አየሁት። እየተንሸራተተ ይከፈታል።»

አጎቴ ቀና አሉ። «እስከ እሑድ?»

«እስከ እሑድ።»

እኔ በደስታ ላቅፈው ስል ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ?

«አየሽ? ከጌሙ ነው ያገኘሁት። ቀይዋ መኪና ወደ ጎን አትዞርም፣ ሌሎቹን ነው ወደ ጎን የምትገፊያቸው።»

እግዜር ያሳያችሁ! በሩን ያበላሸ ጌም ሊመሰገን ነው!

«ሰበታ ያለው ፋብሪካ በሙሉ በሩ እየተንሸራተተ አይደል እንዴ የሚከፈተው?» አልኩት። «በየቀኑ በፊቱ አይደል የምታልፈው?»

«አልፍ ነበራ። አስቤው አላውቅም።»

«አሁን ያሰብከው ስልክህ ስለሞተ ነው!»

«ጌሙ ጭንቅላቴ ውስጥ ስላለ ነው።»

አጎቴ «ተጋብታችኋል አይደል? በኋላ ትጣላላችሁ፤ አሁን ሥሩ» አሉን።

የቤቱ መብራት ብየዳ ስለማይችል ጄኔሬተር ከጎረቤት ተለመነ፤ ኩሽኔታውን ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው አገኘን። ዓርብንና ቅዳሜን ሠራ። እንዲያ ሲሠራ አይቼው አላውቅም ብል ውሸት ይሆናል፤ አይቼዋለሁ፣ ድሮ። ስልኩን ዓርብ ለሠርጉ የደረሰችው ልጄ ቤት ውስጥ ቻርጅ አድርጋለት ነበር፤ ሞልቶ ዋለ፣ አልጠየቀም።

እሑድ የሙሽራው ወገን መጣ። የኛ ሴቶች እንደ ወጉ በሩን ዘግተው ከውስጥ እየዘፈኑ ያዙ። ውጭ ሚዜዎቹ ለመኑ፣ ሽቶ ረጩ፣ ሥነ ሥርዓቱ አለቀና ሴቶቹ ከበሩ ዘወር አሉላቸው። ሚዜዎቹም እንደ ወጉ ትከሻቸውን አስደግፈው ወደ ውስጥ ገፉ። በሩ ንቅንቅ አይልም። እንደገና ገፉ፤ አንዱ ኮቱን አወለቀ።

«ኧረ በቃ፣ ክፈቱልን እንጂ!»

«ተከፍቷል እኮ!» ይላሉ ሴቶቹ፣ በሳቅ እየፈረሱ።

«ተዘግቷል!»

«ግፉ፣ ጎበዝ! ቁርስ አልበላችሁም?»

ሙሽራው ራሱ መጥቶ ገፋ፤ የሚዜዎቹ አለቃ ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ አጎቴ ሰው እየከፈሉ መጡና አንድ እጃቸውን ብረቱ ላይ አድርገው ወደ ጎን ሳብ አደረጉት። ያ ሁሉ ብረት እንደ መጋረጃ ሄደ። ከውስጥ እልልታ፣ ከውጭ ጩኸት። መኪናው አበባውን እንደለበሰ ግቢ ገባ፣ ዞረ፣ በረንዳው ሥር ቆመ። ወደ ማታ ገደማ ሙሽሪት ከደጃፉ ቀጥታ መኪናው ውስጥ ገብታ፣ ጫማዋ አፈር ሳይነካው፣ በአባቷ በር ወጣች።

እኔና ባሌ ስለ ቀይዋ መኪና እስከ ዛሬ እንከራከራለን። ልጄ ከሱ ጋር ናት። ጌሙንም አላጠፋውም፤ ያልሆነውን ሆነ ብዬ አልዋሽም። አሁንም አንዳንድ ቀን መብራት ሲጠፋ አንገቱን ደፍቶ አገኘዋለሁ፣ አሁንም አረንጓዴዋ መኪና ምሳ ታስጠላብኛለች። አንዳንድ ቀን ግን ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ሆኖ እሱ መንገዱን ሲያይ አገኘዋለሁ። ያኔ ድምፄን አጥፍቼ አልፋለሁ።

ስለ አጎቴ ልጨርስ። ያን በር ከዝገት መከላከያ በስተቀር ቀለም አልነካውም ነበር፤ ክረምት ሳይገባ መቀባት ነበረበት። ከሠርጉ በኋላ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ቀለም ቀቢ ልላክልዎ?»

«ተይው። በሩ ገና አላለቀም።»

«እንዴት ገና? ሰው ወጥቶ ገብቶበት!»

«አበባው የኔ አይደለም» አሉ። «ከታች ባለው ጎረቤቴ በር ላይም አለ። ባልሽ ሲመጣለት መጥቶ ይሥራው።»

ነገርኩት። ጠመኔውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ሐምሌ ሄደ፣ ነሐሴ ሄደ፤ ሱሉልታ ዝናቡን ታውቁታላችሁ። በሩ ከጠርዙ መዛግ ጀመረ። ጎረቤት «ምነው ብረቱ ይበላሻል እኮ» ሲላቸው «አላለቀም» እያሉ ይመልሱ ነበር አሉ።

ጥቅምት ላይ ባሌ ጠመኔውን ይዞ ብቻውን ሱሉልታ ሄደ። አጎቴ ወንበር አውጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። እሱ ሜዳውን ሲያይ፣ ሲያሰምር፣ ሲያጠፋ ዋለ። አበባዋን በብረት መፍጫው ቆርጦ አነሳትና ሣር ሠራበት፤ ሊታጨድ የደረሰ ሣር፣ ነፋስ ሁሉንም ወደ አንድ ጎን ያስጎነበሰው፣ ከጥግ በኩል ትንሽ የታጨደ። ብየዳው ሲያልቅ አጎቴ ከወንበራቸው ተነስተው አዩት። «ቶሌ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። በማግስቱ ቀለም ቀቢ ጠሩ።